40 አማራጭ ፊቸር ያለው ኮድ እንዴት ይያዛል?

ጥያቄ፦ ከአንድ የጋራ ኮድ ለየደንበኛው የተለያየ ምርት እናወጣለን። የሚበሩና የሚጠፉ 40 ፊቸሮች በ«ኢፍዴፍ» (የኮድ ክፍልን እንደ ሁኔታው የሚያስገባ ወይም የሚያስቀር ትእዛዝ) ተበታትነዋል። አንዱን ስናጠፋ የሌላው ቢልድ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየሩ) ይሰበራል። ከየት እንጀምር?

መልስ 1፦ 40 ነጻ ፊቸር ከ1 ትሪሊዮን በላይ ጥምረት ይሰጣል፤ ሁሉን መፈተሽ አይታሰብም። መጀመሪያ ፊቸር ሞዴል (ፊቸሮቹንና ግንኙነታቸውን የሚያሳይ ካርታ) በዛፍ መልክ ሥሩ፤ የግድ የሆነውን፣ አማራጩንና «ከእነዚህ አንዱ ብቻ» የሚባለውን ቡድን ለዩ። «ይህ ያንን ይፈልጋል»፣ «ይህ ከዚያ ጋር አይሄድም» የሚሉ ደንቦችንም ጨምሩ። ከዚያ ሞዴሉን ወደ ሎጂክ ቀመር ለውጣችሁ ለሳት ሶልቨር (ቀመሩን እውነት የሚያደርግ ምርጫ መኖሩን ለሚፈልግ ፕሮግራም) ስጡት። አንድ ፊቸር እንዲበራ አስገድዳችሁት መፍትሔ ከጠፋ፣ ያ ፊቸር የሞተ ነው፤ የትኛውም ምርት ውስጥ አይገባም። በጣም ጠቃሚው ፍተሻ ይህ ነው።

መልስ 2፦ የሊኑክስ ከርነሉን ኬኮንፊግ (አማራጮችንና ጥገኝነታቸውን የሚገልጽ ቋንቋ) ከመረጣችሁ «ሴሌክት»ን ተጠንቀቁ። አንድ አማራጭ ሲመረጥ ሌላውን በግድ ያበራዋል እንጂ የዚያ የበራው አማራጭ ጥገኝነት መሟላቱን አያይም፤ ቢልድ የሚሰበረው እዚያ ነው። ጥገኝነት ለሌለው ረዳት ኮድ ብቻ ይሁን፤ ለሌላው «ዲፔንድስ ኦን» (የሚፈልገው ካልበራ አማራጩ እንዳይመረጥ የሚያደርገው) ይሻላል።

መልስ 3፦ ለቴስት የጥንድ ናሙና ውሰዱ፦ ሞዴሉ የሚፈቅደው የማንኛውም ሁለት ፊቸር ጥምረት ቢያንስ በአንድ ምርት ውስጥ ይግባ። ሦስት ፊቸር ሲገናኙ ብቻ የሚታይ ስህተት ግን ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ደንበኞች የሚጠቀሙባቸውን ውቅሮች ሁልጊዜ ጨምሩ።