የአቮካዶ ዝርያዎች በጣዕምና በቅባት መጠን ምን ያህል ይለያያሉ?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልን። በቤታችን፣ በተለይ በጾም ወቅት፣ አቮካዶ ከገበታ አይጠፋም። ከጉሊት የምገዛው በአብዛኛው ትልቅ፣ ልጣጩ ለስላሳና አረንጓዴ የሆነውን የአገር ቤቱን አቮካዶ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሻጮች ሃስ የሚሉትን፣ መጠኑ አነስ ያለና ሲበስል የሚጠቁረውን ከፍ ባለ ዋጋ እገዛለሁ። ሃሱ ብዙ ጊዜ ያጠግባል፣ ጣዕሙም ምላስ ላይ ይቆያል። የአገር ቤቱ ግን አንዱ እንደ ቅቤ ሲሆን፣ ከዚያው መደብ የተገዛው ሌላው ውሃ ውሃ ይላል። ይህ ልዩነት በእርግጥ ከቅባት መጠን የመጣ ነው ወይስ ከአበሳሰሉ? ለሰላጣና ለጁስስ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

መልስ፦ በፍራፍሬ ልማት ሥራ ላይ የቆየ ባለሙያ

ዋናው ምክንያት ቅባቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዝርያ ስም ብቻ አያልቅም። አቮካዶ በመነሻው ሦስት ዘሮች አሉት። የሜክሲኮው ደጋማ ዘር ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ስስ፣ ቅባቱ ግን ከሁሉም የበዛ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲታሽ ወደ እንስላል የሚጠጋ ሽታ ይሰጣል። የጓቲማላው ዘር ልጣጩ ወፍራምና ሸካራ ነው። ሦስተኛው፣ የዌስት ኢንዲስ የሚባለው፣ የሞቃት ቆላ ዘር ሲሆን ፍሬው ትልቅና ለስለስ ያለ፣ ጣዕሙም ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ፣ ቅባቱ ግን አነስተኛ ነው። በገበያ ስማቸው የሚጠሩት ሃስ፣ ፉርቴ፣ ኢቲንገርና ፒንከርተን በአመዛኙ የሜክሲኮና የጓቲማላ ዘሮች ድብልቅ ናቸው፤ ናባል ደግሞ ከጓቲማላው ወገን ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ይጠቅማል። በ100 ግራም የካሊፎርኒያ አቮካዶ ውስጥ፣ ይኸውም በአብዛኛው ሃስ ማለት ነው፣ 15.4 ግራም ያህል ቅባትና 167 ኪሎ ካሎሪ ይገኛል። በፍሎሪዳው አቮካዶ፣ ማለትም የቆላው ዘር ባየለበት፣ ቅባቱ ወደ 10 ግራም፣ ኃይሉም ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ዝቅ ይላል። በአንጻሩ ስኳሩ ከ0.3 ግራም ወደ 2.4 ግራም ከፍ ይላል። ስለዚህ ውሃ ውሃ የሚለውን ፍሬ ልብ ብለው ቢቀምሱት ጣፈጥ እንደሚል ያስተውላሉ።

የአገር ቤቱን በተመለከተ፣ አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሐረርጌ ሂርና አካባቢ በግል አልሚዎች አማካይነት እንደሆነ ይነገራል፤ ከዚያም ወዲህ አብዛኛው ዛፍ የበቀለው ከዘር ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም። በመሆኑም የአገር ቤት የምንለው አንድ ዝርያ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ዛፍ የየራሱ ጣዕምና ቅባት ያለው ስብስብ ነው፤ ነጋዴው ከአሥር ጓሮ የለቀመውን በአንድ ጆንያ ሲያቀርበው ለእርስዎ የሚደርሰው የአሥር ዛፍ ፍሬ ነው። ሃስ ግን የትም ይብቀል የት፣ ሩዶልፍ ሃስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስታ አመላላሽ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተክሎ በ1935 የባለቤትነት መብት ካወጣበት ከአንድ ዛፍ፣ ቅርንጫፉን በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ በማጣበቅ የተባዛ ነው። ጣዕሙ የሚታመነውም ለዚህ ነው።

መልስ፦ ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ

እዚህ ሁለቱም ዓይነት በአንድ መደብር ይገኛል። ትልቁ አረንጓዴ ከፍሎሪዳ ወይም ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚመጣ ሲሆን፣ ቅባት ለመቀነስ የሚሹ ሰዎች ይገዙታል። እኔ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ባይመረጥ እላለሁ፤ ምክንያቱም የአቮካዶ ቅባት በአብዛኛው ኦሌይክ አሲድ፣ ማለትም በወይራ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ዓይነት ነው። ለሰላጣ ሲሆን አረንጓዴው የራሱ ብልጫ አለው፦ ተቆራርጦ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ሲዋሐድ ቅርጹን ይይዛል፣ አይፈርስም። ዳቦ ላይ ለሚቀባ ግን ሃስን የሚተካከለው የለም።

መልስ፦ ከሲዳማ፣ አቮካዶ አምራች

ባለሙያው ስለ ዘር የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን እኛ አምራቾች በየዕለቱ የምናየው ችግር ከዘሩ ይልቅ የአቆራረጡ ጊዜ ነው። አቮካዶ ዛፉ ላይ ሳለ አይለሰልስም፤ ቅባቱን የሚያጠራቅመው ግን እዚያው ዛፉ ላይ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ይለሰልሳል እንጂ ቅባት አይጨምርም። ያለ ጊዜው የወረደ ሃስ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ሥጋውም እንደ ላስቲክ እየተጎተተ ያስቸግራል፤ እንዲህ ያለውን ሃስ ጊዜውን ጠብቆ የወረደ የጓሮ አቮካዶ በጣዕም ያስንቀዋል። በካሊፎርኒያ ሃስ ለገበያ ለመቅረብ ውሃው ተንኖ የሚቀረው ደረቅ ክፍል ቢያንስ 20.8 በመቶ መሆን አለበት የሚባለው፣ ደረቁ ክፍል ከፍ ባለ ቁጥር ቅባቱም አብሮ ስለሚጨምር ነው። በእኛ ዘንድ ነጋዴው ዛፉን እንዳለ ተዋውሎ በአንድ ቀን ያወርደዋል፤ አበባው ግን በአንድ ቀን አልፈነዳም፣ ስለዚህ በዚያው ቅርንጫፍ ላይ የደረሰውም ያልደረሰውም አብሮ ይረግፋል።

ቀለምን አይመኑ። ሃስ የሚጠቁረው በአብዛኛው ከተቆረጠ በኋላ ሲለሰልስ ነው፤ ያልደረሰውም ቢሆን ሊጠቁር ይችላል። ይልቅ ፍሬውን ሲከፍቱት ዘሩን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይመልከቱ፦ ቡናማና ደረቅ ከሆነ በጊዜው የወረደ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ወፈር ብሎ ከዘሩ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ገና ነበር። ከዚያ መደብ ሁለተኛ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የዘሩን ሽፋን ነገር ከዛሬ ጀምሬ እሞክረዋለሁ። የጁሱ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ።

መልስ፦ በፍራፍሬ ልማት ሥራ ላይ የቆየ ባለሙያ

ለብቻው ለሚጠጣ ጁስ ቅባቱ መካከለኛ የሆነው የአገር ቤት አቮካዶ ይበቃል፤ ሃስ ብዙ ውሃ ካልታከለበት በማንኪያ የሚበላ ይሆናል፣ በዋጋም አያዋጣም። ለእስፕሪስ ግን ወፍራሙ ይሻላል፤ ቀጭኑ አቮካዶ ከማንጎውና ከፓፓያው ጋር ተቀላቅሎ ድርብርቡ ይጠፋል። የትኛውንም ቢመርጡ ሎሚውን ሳይዘገዩ ይጭመቁበት፤ የተከፈተ አቮካዶ ከአየር ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይጠቁራል፣ የሎሚው አሲድ ደግሞ ያዘገየዋል።