የካውቦይ ጀግና በአንድ የጉልምስና ልብ ወለድ ውስጥ፦ አፈ ታሪኩ ይፈርሳል ወይስ ይጸናል?

ጥያቄ፦ የሂርማታ አንባቢ (ጅማ)

ውድ የውይይቱ ተሳታፊዎች፣

እዚህ ጅማ በምንሰበሰብበት አነስተኛ የንባብ ክበብ የኮርማክ ማካርቲን «ኦል ዘ ፕሪቲ ሆርስስ» የተሰኘ ልብ ወለድ አንብበን ስንጨርስ በአንድ ጉዳይ ላይ ሳንስማማ ተለያይተናልና፣ መጽሐፉን ያነበባችሁ ሁሉ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉን በትሕትና እጠይቃለሁ። መጽሐፉ በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሞ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚጀምረው በ1949 በቴክሳስ ነው። አያቱ የሞቱበትና እናቱ የቤተሰቡን የከብት እርባታ ለመሸጥ የቆረጠችበት የ16 ዓመቱ ጆን ግሬዲ ኮል፣ ከጓደኛው ከሌሲ ሮውሊንስ ጋር በፈረስ ድንበር ተሻግሮ ሜክሲኮ ይገባል። እዚያም በአንድ ባለጸጋ ርስት ፈረስ ገሪ ሆኖ ይቀጠራል፤ የባለርስቱን ልጅ አሌሃንድራን ያፈቅራል፤ ይታሰራል፤ እስር ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል፤ በመጨረሻም ወደ ቴክሳስ ይመለሳል።

ከክበባችን አባላት አንዳንዶቹ መጽሐፉ ድሮ በሲኒማ ቤት ካየናቸው የካውቦይ ፊልሞች የሚለየው በቋንቋው ውበት ብቻ ነው ይላሉ። ልጁ ፈረስ በመግራት አቻ የለውም፣ ቃሉን አያጥፍም፣ ብቻውን ብዙዎችን ይቋቋማል፣ መጨረሻ ላይም ወደምትጠልቀው ፀሐይ ይጋልባል። ሌሎቹ ደግሞ መጽሐፉ ይህንኑ አፈ ታሪክ ለማፍረስ ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው ብለው አጥብቀው ይከራከራሉ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከሁለቱም ቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የካውቦይ ጀግና ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጥቶ፣ ሥራውን ፈጽሞ፣ ሳይለወጥ የሚሄድ ሰው ነው። ከልጅነት ወደ ጉልምስና የሚሸጋገር ሰው ታሪክ ግን ባለታሪኩ እንዲለወጥና በመጨረሻ ከሰዎች መካከል የራሱን ስፍራ እንዲይዝ ይጠብቃል። እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ እነዚህ ሁለት ታሪኮች በአንድ ልጅ ላይ እንዴት ሊያድሩ ቻሉ?

መልስ፦ የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር

የጠየቁት ጥያቄ የመጽሐፉን እምብርት የነካ ስለሆነ በጥቂት ቃላት ላልፈው አልወድም።

በመጀመሪያ አፈ ታሪኩ መቼ እንደተሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል። ካውቦዮች ከቴክሳስ ተነሥተው ከብት በረጅም ጉዞ ወደ ሰሜን ባቡር ጣቢያዎች የነዱበት ዘመን ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ አንሥቶ ሃያ ዓመት ያህል ብቻ የቆየ ነው። ጆሴፍ ግሊደን በ1874 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው እሾሃማ ሽቦ ክፍቱን ሜዳ ከፋፈለው፤ የ1890ው የሕዝብ ቆጠራ ያልተያዘ መሬትን ከተያዘው የሚለይ የጠረፍ መስመር ከእንግዲህ እንደሌለ አስታወቀ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነር የተባለው የታሪክ ምሁር የአሜሪካን ጠባይ የቀረጸው ያ ጠረፍ ነው ሲል ቺካጎ ላይ ዝነኛ ንግግሩን አሰማ። ቡፋሎ ቢል የተባለው የትርዒት አዘጋጅ ካውቦዮችንና ነባር ሕዝቦችን ለከተማ ተመልካች ማሳየት የጀመረው በ1883 ነው። የካውቦይን ጀግና በልብ ወለድ መልክ ያጸናው የኦወን ዊስተር መጽሐፍ የወጣው ደግሞ በ1902 ነው። እንግዲህ ጀግናው በሰዎች ዓይን የገዘፈው ሥራው ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ ነው፤ አፈ ታሪኩም ከጅምሩ የሐዘን ቅላጼ ነበረው ማለት ነው።

ማካርቲ ልጁን ያቆመው በዚህ ሐዘን መጨረሻ ላይ ነው። በመጽሐፉ መክፈቻ አያቱ ሞተው ተገንዘዋል። ከብት እርባታው በሕግ የእናትየው ነው፤ እሷ ደግሞ በሳን አንቶኒዮ የቴአትር ተዋናይ ሆና መኖር የምትሻ ሴት ናት፤ ጠበቃውም ለልጁ ምንም ሊያደርግለት እንደማይችል በግልጽ ይነግረዋል። በዚህ ክፍል ብዙዎች ሳያስተውሏት የሚያልፏት አንዲት ትንሽ ትዕይንት አለች። በመኖሪያ ቤታቸው የመመገቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ፈረሶች የሚጋልቡበት ሥዕል ተሰቅሏል፤ ልጁ በአንድ ወቅት ምን ዓይነት ፈረሶች እንደሆኑ አያቱን ሲጠይቃቸው፣ ሽማግሌው ሥዕሉን መጀመሪያ እንዳየ ሰው ቀና ብለው ተመልክተው፣ የሥዕል መጽሐፍ ፈረሶች ናቸው ብለውት ምግባቸውን ይቀጥላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከፈረስ ጋር የኖሩት ሰው ያ ሥዕል በእውኑ ዓለም እንደሌለ ያውቃሉ፤ ለልጁ ግን አላብራሩለትም። ልጁም ያንን ሥዕል ፍለጋ ድንበር ተሻገረ።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አፈ ታሪኩ ራሱ የልጁ ልጅነት ነው። ልጁ ሲያድግ የሚለወጠው ስለ ጀግንነት ያለው እምነት ስለሆነ፣ ሁለቱ ታሪኮች የሚጋጩበት ቦታ ከልጁ ውጭ አይደለም። ከክበብዎ አባላት «የሚያፈርስ ነው» ያሉትም ቢሆኑ ግን አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። ደራሲው በልጁ ችሎታ ፈጽሞ አይሳለቅም። ሁለቱ ጓደኛሞች 16 ያልተገሩ ፈረሶችን በአራት ቀን የሚገሩበት ክፍል በፍቅር የተጻፈ ነው፤ እኔም ከመጽሐፉ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ሙያው፣ ታማኝነቱና ለፈረስ ያለው ፍቅር እስከ መጨረሻው አይነኩም። ከሥሩ የሚነቀለው አፈ ታሪኩ የቆመበት ሌላ ነገር ነው፦ ምድሩ ባዶ ነው፣ ጀግናው የሚያፈስሰው ደም ያነጻል፣ ዝምታም የወንድ ልጅ ክብር ነው የሚለው እምነት። ሪቻርድ ስሎትኪን በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ አሜሪካውያን በጠረፍ ላይ በሚደረግ ጦርነትና ግድያ ሰው እንደገና ይታደሳል የሚል አፈ ታሪክ እንደገነቡ በሰፊው አሳይቷል። የማካርቲ ልጅ ግን ገድሎ አልታደሰም።

መልስ፦ አንባቢት ከፈረንጅ አራዳ

መምህር ምድሩ ባዶ ነው ስለሚለው እምነት ያነሡትን ላጠናክር እወዳለሁ። ልጁ ገና ቴክሳስ ሳለ ኮማንቼ በሚባለው ነባር ሕዝብ የጥንት መንገድ ላይ እየጋለበ፣ የጠፋውን ሕዝብ ሠራዊት ሲያልፍ የሚያይ ይመስለዋል። ኮማንቼዎች ተሸንፈው ወደ ኦክላሆማ ክልል እንዲገቡ የተደረጉት በ1875 ነው፤ የልጁ ቤተሰብ ግን እርባታውን የመሠረተው ከዚያ በፊት፣ እነሱ ገና በአካባቢው ሳሉ ነው። ልጁ እናቴ ሸጠችብኝ ብሎ የሚያዝንበት መሬት ቀድሞ ከሌሎች የተወሰደ መሆኑን መጽሐፉ ሳይሰብክ ያስታውሰናል።

ሜክሲኮም ቢሆን እንደ ባዶ ሜዳ የምትቆጠር አይደለችም። የካውቦይ ሙያ ራሱ፣ ከገመድ አወራወሩ እስከ ኮርቻው፣ በአብዛኛው ከሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች የተወረሰ ነው። ጆን ግሬዲ ስፓኒሽ አቀላጥፎ ይናገራል፤ የሰዎቹን ታሪክ ግን አያውቅም። ይህን የምታስተምረው የአሌሃንድራ የአያት እህት ዱኛ አልፎንሳ ናት። በወጣትነቷ የወደደችው ጉስታቮ ማዴሮ፣ የፕሬዚዳንቱ የፍራንሲስኮ ማዴሮ ወንድም፣ በ1913 መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ ተሠቃይቶ ተገድሏል፤ ፕሬዚዳንቱም በጥቂት ቀናት ልዩነት ተከትሎታል። አገራቸውን በቅን ልብ ሊያድኑ የተነሡ ሰዎች ሲጨፈጨፉ ያየች ሴት ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ ቅንነት ብቻ አይበቃም ብትለው፣ ንግግሯ የክፉ አሮጊት ንግግር ተደርጎ ሊነበብ አይገባም። እሷን የፍቅር ጠላት አድርጎ የሚያነብ ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ልጁ መጀመሪያ በነበረበት ቦታ ቆሞ ቀርቷል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ደራሲውንም ስለማከብር አልደብቀውም። አሌሃንድራ ራሷ በጥቁር ፈረስ ላይ ከምትታይ ውብ ሴትነት ብዙም አታልፍም። የምትለወጥበትን፣ የምታመነታበትን፣ በመጨረሻም ለአክስቷ የገባችውን ቃል የመረጠችበትን ውስጣዊ መንገድ አናይም። የካውቦይ ታሪክ ለሴት የሚሰጣት ቦታ ጠባብ መሆኑ የታወቀ ነው፤ መጽሐፉ ብዙ ነገር ሲያፈርስ ይህንን ግን እንዳለ ትቶታል።

መልስ፦ ከጅሬን

እኔ የምጽፈው ደም ያነጻል ስለሚለው እምነትና ስለ ዝምታ ነው፤ ሁለቱ በመጽሐፉ መጨረሻ የተገናኙ ይመስለኛልና።

በእኛም አገር ፈረስና ጀግና አይነጣጠሉም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉ ሁሉ፣ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም እዚህ ጅሬን ላይ የሚታየው የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። ነገር ግን በእኛ ልማድ ፈረሱ ሰውየውን ከሕዝቡ ጋር የሚያስተሳስር ነው። ጀግናው ከዘመቻ ሲመለስ በአለቃውና በወገኑ ፊት ይፎክራል፣ አባቱን ይጠራል፣ ፈረሱን ይጠራል፣ ግዳዩን ይቆጥራል፤ የገደለው ለማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ክብሩንም ደሙንም ሰሚዎቹ አብረውት ይሸከማሉ። የካውቦይ ጀግና ግን ፈረስ የሚጭነው ከሰዎች ሊለይ ነው፤ የገደለውንም አይናገርም። ዝምታው እንደ ትዕቢተኛነት ሳይሆን እንደ ጨዋነት ይቆጠርለታል።

አሁን ጆን ግሬዲን እንመልከት። በመንገድ የተቀላቀላቸው ብሌቪንስ የተባለ ታዳጊ ሰው ገድሎ ሦስቱም ሲያዙ፣ የፖሊስ ሻምበሉ ያንን ልጅ ወደ ዛፎች ወስዶ ይረሽነዋል፤ ጆን ግሬዲም ያያል እንጂ ቃል አይተነፍስም። በኋላ በሳልቲዮ እስር ቤት ሊገድለው የተላከበትን ወጣት በጩቤ ይገድላል። ወደ ቴክሳስ ከተመለሰ በኋላ የብሌቪንስን ፈረስ ባለቤትነት በሚመለከት ኦዞና በተባለች ከተማ ችሎት ፊት ቀርቦ ታሪኩን ሁሉ ይናገራል፤ ዳኛውም ያምኑታል፣ በሰው ሁሉ ፊትም በአክብሮት ይናገሩለታል። በእኛ ልማድ ይህ የፉከራው ሰዓት በሆነ ነበር። ልጁ ግን ምስጋናውን ሊሸከመው አልቻለም። በዚያው ምሽት ወደ ዳኛው ቤት ሄዶ፣ ሻምበሉን ሊገድለው የፈለገው ብሌቪንስ ወደ ሞት ሲወሰድ እሱ ራሱ ዝም ብሎ በመቆሙ እንደሆነ ይናዘዛል። በካውቦይ ታሪክ የጀግና ጌጥ የነበረው ዝምታ እዚህ ላይ ኃጢአት ሆኖ ተገኘ።

ጠያቂው ልጁ የሚያድገው የት ነው ብለው ቢጠይቁኝ የማመለክተው ይህንን ምሽት ነው። አድጓል የምለውም ስላሸነፈ አይደለም። ጥፋቱን በራሱ ቃል ለይቶ፣ ሊሰማው ለሚችል ለአንድ ታላቅ ሰው ስለተናገረ ነው። ዳኛውም በሥራቸው ሞት የፈረዱበትን ልጅ አንሥተው ያጫውቱታል እንጂ አይገሥጹትም፣ ነጻ ነህም አይሉትም።

ጠያቂው፦ የሂርማታ አንባቢ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የኑዛዜውን ነጥብ ለክበባችን ሳቀርበው ብዙዎቹ ተቀብለውታል። አንድ ወዳጃችን ግን «እሺ፣ አድጓል እንበል፤ ታዲያ መጨረሻው ገጽ ላይ ለምን እንደ ፊልሙ ጀግና ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ይጋልባል?» ሲል ጠይቆን መልስ አጥተናል። ደራሲው በመጨረሻው ሰዓት ለአፈ ታሪኩ እጅ ሰጥቷል ማለት አይደለምን?

መልስ፦ የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር

ወዳጅዎ የጠየቁት ተገቢ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ያንኑ አስቤያለሁ። ነገር ግን ያንን ገጽ ከፊልሞቹ መጨረሻ ጋር አስተያይተው ይመልከቱት። የፊልሙ ጀግና አንድን መንደር አድኖ ነው የሚሄደው፤ ጆን ግሬዲ ማንንም አላዳነም። ከራሱ ፈረስ ሌላ የሟቹን የብሌቪንስን ፈረስ እየሳበ ነው የሚሄደው፣ ለዚያ ፈረስም እውነተኛ ባለቤት ፈልጎ አጥቷል። የሚያልፈው በነዳጅ ማውጫ መሣሪያዎች መካከል ነው። በመንገዱ ዳር የሰፈሩ ነባር ሕዝቦች ቆመው ያዩታል፤ አያናግሩትም፣ አያደንቁትም፤ አላፊ ስለሆነ ብቻ ያዩታል። ጥቂት ገጾች ቀደም ብሎ ሮውሊንስ ይህ አሁንም ጥሩ አገር ነው ሲለው፣ ልጁ ጥሩ መሆኑን እንደሚያውቅ፣ ነገር ግን የእሱ አገር እንዳልሆነ መልሶለት ነበር። አባቱ ሞተዋል፤ ያሳደጉትን አሮጊት ሜክሲኳዊትም ቀብሯል።

በጥያቄዎ መጀመሪያ ላይ የጉልምስና ታሪክ ሁለት ነገር ይጠብቃል ብለው ነበር፦ ባለታሪኩ እንዲለወጥና ስፍራ እንዲይዝ። እኔ እንደምረዳው ማካርቲ የመጀመሪያውን ለልጁ ሰጥቶ ሁለተኛውን ከለከለው። ሕሊናው ጎልምሷል፤ የጎለመሰ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ግን በ1950 ቴክሳስ አልተገኘለትም። ፀሐይ መጥለቂያው የፊልም መልክ ቢኖረውም የሚነግረን ይህንኑ ይመስለኛል።

ይህ ልብ ወለድ የሦስት ተከታታይ መጻሕፍት መጀመሪያ ነውና፣ ለወዳጅዎ የሚጠቅም ሌላ ማስረጃ በ1998 የታተመው የሦስትዮሹ የመጨረሻ መጽሐፍ ነው። ጆን ግሬዲ በዚያ ተመልሶ ይመጣል፣ በኒው ሜክሲኮ ድንበር አጠገብ በአንድ እርባታ ተቀጥሮ ይሠራል፣ አንዲት ሴት ከድንበሩ ማዶ ሊያወጣ ይነሣል፣ እሷንም ራሱንም ያጣል። ስለዚህ አፈ ታሪኩ ከልጁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልወጣም ነበር፤ «ጸንቷል» ያሉት አባላት ክርክራቸውን ከዚያ ሊያጠናክሩ ይችላሉ። በመካከል በ1994 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ የሌላ ልጅ ታሪክ ስለሆነ፣ ጊዜ ካጠራችሁ ሦስተኛውን አስቀድማችሁ ብታነቡ ለዚህ ውይይት ይበቃችኋል።