ኬጅና ቀበቶ፦ ከቅዳሜ በፊት እንጨርሰው

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ 4 ሰዓት ስታዲየም አካባቢ እንገናኛለን። ለመኪና ውድድር ማህበራችን ጉባኤ የምናቀርበው ሀሳብ ግን እዚሁ ይለቅ። ባለፈው ሦስት ሰዓት አውርተን ማኪያቶ ጠጥተን ነው የተለያየነው። የእኔ ረቂቅ አንድ መስመር ነው፦ «በማህበሩ ልምምድ የሚሳተፍ መኪና ሁሉ ሮል ኬጅና የውድድር ቀበቶ ይኑረው።» ኬጅ ማለት መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ ውስጡ የሚገጠመው የብረት ቱቦ ነው። ረቂቁን ቆራርጡት።

ባለ ቪትዟ፦ መጀመሪያ «ሁሉ» የሚለው ይውጣልኝ። እኔ በዚችው መኪና ነው ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ ሜክሲኮ ሥራ የምገባው። ከተማ ውስጥ መቼስ ሄልሜት አድርጌ አልነዳም። አንዱ ሚኒባስ ከኋላ ቢገጨኝ ጭንቅላቴን የሚቀበለው የኬጁ ብረት ነው። ቀበቶውን ብቻ ልግጠም፣ ኬጁ ይቅርብኝ።

ባለ ዲኤክሱ፦ እህቴ፣ የባሰው እሱ ነው። ኦሪጅናሉ ቀበቶ በአንድ ትከሻ ብቻ ስለሚያልፍ መኪናው ተገልብጦ ጣሪያው ቢጨፈለቅ ሰውነትሽ ወደ ጎን መዘንበል ይችላል። የውድድር ቀበቶ ግን ሁለቱንም ትከሻ ይዞ ወንበሩ ላይ ቀጥ አድርጎ ያስርሻል። ጣሪያው ይወርዳል፣ አንቺ የትም አትሄጂም። ኬጅ ከሌለሽ ባለ 3 ነጥቡን ከነኤርባጉ እንዳለ ተዪው።

ጸሐፊ፦ ይሄ ገብቶኛል። እንግዲህ ሁለት ምድብ ይሁን። ወይ ኬጅ፣ የውድድር ወንበር፣ ቀበቶና ሄልሜት በአንድ ላይ፤ ወይ ደግሞ ሁሉም ኦሪጅናል ሆኖ ፍጥነቱ የሚገደብበት ምድብ። ግማሽ ግማሽ የለም።

ባለ ቪትዟ፦ ሁለተኛው ምድብ ላይ መዝግቡኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ባለ 4 ነጥብ፣ ማለትም በአራት ቦታ የሚታሰር፣ የውድድር ቀበቶ በርካሽ አግኝቻለሁ። ለሁላችንም ብንገዛስ?

ባለ ዲኤክሱ፦ ኧረ በፈጠረህ! አምና የጎማ ክምር ስገጭ ያሰርኩት ባለ 4 ነበር። የትከሻዎቹ ማሰሪያ መሐል ላይ ያለውን መቆለፊያ ወደ ላይ ይስበዋል። ወደ ታች የሚይዘው ነገር የለም። የወገቡ ቀበቶ ከዳሌዬ ላይ ተነስቶ ሆዴ ላይ ወጣ፣ እኔ ደግሞ ከስሩ ተንሸራተትኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስስቅ ያመኝ ነበር። በጭን መሐል የሚያልፉት ሁለቱ ማሰሪያዎች የተጨመሩት ለዚህ ነው። ባለ 6 ይሁን። የኤፍአይኤ (የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን) 8853-2016 ምልክት የተሰፋበት፣ የሚያበቃበት ዓመት ያላለፈ። ማሰሪያው እያረጀ ስለሚደክም ዕድሜው ከተሠራበት ዓመት በኋላ 5 ዓመት ነው። «አዲስ ነው፣ ላስቲኩ አልተቀደደም» የሚባል ነገር አይሠራም፤ ጽሑፉን አንብቡ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ተውኩት። ኬጁስ? የውሃ ቧንቧ ቢሆን እዚሁ ይገኛል፣ ጋሼም ይበይዱልናል።

ጋሼ በያጁ፦ ልጆች፣ እኔ በውሃ ቧንቧ አልበይድም። ለአጥር እሺ። የውሃ ቧንቧ በአብዛኛው ላሜራ ተጠቅልሎ ርዝመቱን የተበየደ ነው። ስትመታው ስፌቱ ሊከፈት ይችላል። ጋልቫናይዝድ ከሆነ ደግሞ ዚንኩ ብየዳውን ያበላሻል፣ ጭሱም በያጁን ያሳምማል። የሚያስፈልገን ስፌት የሌለው፣ በቀዝቃዛ የተሳበ የካርቦን ብረት ነው። የኤፍአይኤ ደንብ ከሾፌሩ ጀርባ ለሚቆመው ዋና ቅስት 45 በ2.5 ሚሊ ወይም 50 በ2 ይላል፤ የመጀመሪያው የቱቦው የውጭ ዲያሜትር፣ ሁለተኛው የግድግዳው ውፍረት ነው። ለሌላው 38 በ2.5 ወይም 40 በ2 ይበቃል።

ማጠፉ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሸው። አሸዋ ሞልቶ በእሳት ማጠፍ የለመድነው ነገር ነው፣ እኔም ለበርና ለአልጋ ስንቴ ሠርቼዋለሁ። ለኬጅ አይሆንም። በማጠፊያ ማሽን፣ በቀዝቃዛው ነው የሚታጠፈው። የጥምዝምዙም ራዲየስ ከቱቦው ዲያሜትር ሦስት እጥፍ ማነስ የለበትም። ከታጠፈ በኋላ በካሊፐር፣ በሚሊ መለኪያው፣ ለኩት። 45 የነበረው ጠባብ ጎኑ 40 ካለ ተጨፍልቋል፣ ወደ ቆሻሻ። አንድ ሰው ኬጁን ቀለም ቀብቶ አምጥቶልኝ «ባለ 2.5 ነው» አለኝ። በትራፓኖ 5 ሚሊ ቀዳዳ ስበሳው 1.5 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዋናው ቅስት ላይ የመለኪያ ቀዳዳ ይኑር የሚል ይጻፍልኝ።

የኬጁ እግር ወለሉ ላይ ዝም ብሎ አይቆምም። 3 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ስፋቱ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ ከስሩ ይገባና በትንሹ በሦስት የ8 ሚሊ ቡሎን ይታሰራል። የቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል ከሌለ መልሱት።

ባለ ዲኤክሱ፦ ጋሼ፣ የትከሻውን ማሰሪያ የት ነው የምናስረው? እኔ የኋላ ወንበሩ ወለል ላይ ነበር የገጠምኩት።

ጋሼ በያጁ፦ ለዚያ ነው ወገብህን የሚያምህ። ማሰሪያው ከወንበሩ ወጥቶ ወደ ወለል ከወረደ፣ ስትጋጭ ትከሻህን ቁልቁል ይጫነዋል። አከርካሪህ ይጨመቃል። ከአግድሙ ከ45 ዲግሪ በላይ መውረድ ክልክል ነው፣ የሚመከረው ግን ከ10 እንዳይበልጥ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዋናው ቅስት ላይ በትከሻ ልክ አግድም ቱቦ ይበየድና ማሰሪያው እሱ ላይ ይጠመጠማል። ያጥራል ደግሞ። ማሰሪያ በረዘመ ቁጥር ይለጠጣል።

ባለ ቪትዟ፦ የማይመለከተኝ ሰው ሆኜ አንድ ጥያቄ። የወገቡ በኦሪጅናሉ ቡሎን ቦታ መታሰር ይችላል?

ጋሼ በያጁ፦ ይችላል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን የብዙ መኪና ኦሪጅናል ቀዳዳ ጥርሱ 7/16 ኢንች ነው። 12 ሚሊ ቡሎን በግድ ካስገባህበት ጥርሱን ትበላዋለህ፤ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልያዘም። አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ከስሩ 3 ሚሊ ላሜራ፣ ቢያንስ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ሮንዴላ ብቻ ከሆነ ቡሎኑ ወለሉን ቀዶ ይወጣል።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን ቀየርኩት፦ «ሀ. ኬጅ የሌለው መኪና ኦሪጅናል ቀበቶና ወንበሩን ይዞ በተገደበ ፍጥነት ይሳተፋል። ለ. ኬጅ ያለው መኪና ስፌት በሌለው ቱቦ የተሠራ፣ የመለኪያ ቀዳዳ ያለው፣ ራስ በሚደርስበት ሁሉ መከላከያ ስፖንጅ የለበሰ ይሆናል፤ ቀበቶው ባለ 6 ነጥብና ዘመኑ ያላለፈ፣ የትከሻው ማሰሪያ አግድሙ ቱቦ ላይ የታሰረ። ሐ. ቱቦው በጋራ ይገዛል፤ ከመበየዱ በፊት ሁለት አባላት ይለኩታል።»

ገንዘብ ያዥ፦ ተስማምቻለሁ። ሐ ላይ ግን የማን ካሊፐር ነው?

ጋሼ በያጁ፦ የእኔን አመጣለሁ። ባለፈው የወሰደው ሰው ቀለም መክፈቻ አድርጎት ነው የመለሰልኝ። ቅዳሜ ስሙን እጠራለሁ።

ባለ ዲኤክሱ፦ 😅 ጋሼ፣ ይቅርታ። አጽድቼ ልመልስልዎት ነበር።