«ልጄ ቀኑን ሙሉ ሲጫወት ነው የሚውለው» ላልሽው እህቴ

ልጅሽ ኪንደርጋርተን (መዋዕለ ሕፃናት) ውስጥ ከመጫወት ሌላ የሚማረው ነገር የለም ብለሽ ያነሳሽውን ጥያቄ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ እዚሁ ቶሮንቶ ኪንደርጋርተን ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሴፕቴምበር በመጣ ቁጥር ከሐበሻ ወላጆች የምሰማው ይሄንኑ ነው፤ ደብተር የለ፣ የቤት ሥራ የለ፣ አውጥቼ የግል ላስገባው ወይ? እኔ አታውጪው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ አሠራሩን ለማያውቁት ላስረዳ። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሙሉ ቀን ኪንደርጋርተን በ2010 ተጀምሮ በ2014 በሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዳረሰ። ሁለት ዓመት ነው፣ ጄኬ (ጁኒየር ኪንደርጋርተን) በ4 ዓመት፣ ኤስኬ (ሲኒየር ኪንደርጋርተን) በ5። በነፃ ነው። አብዛኛው ክፍል ውስጥ አንድ መምህርና አንድ የሕፃናት አስተማሪ፣ ማለትም እኛ ኢሲኢ የምንባለው፣ አብረን እንሠራለን። ጨዋታው መምህር ስለሰነፈ የመጣ አይደለም፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ ልጆች በጨዋታ ይማሩ ብሎ ነው የተጻፈው።

ጨዋታው ውስጥ ምን እንዳለ በአንድ ነገር ላሳይሽ። ክፍሉ ጥግ ላይ ሱቅ እናዘጋጃለን። ባዶ የፓስታ ካርቶን፣ የፕላስቲክ ሙዝ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ በቃ። አንዱ ሻጭ ይሆናል። ዋጋ መለጠፍ አለብኝ ብሎ 5ን ገልብጦ ይጽፋል። ገዢዋ ሦስት ሙዝ ታነሳለች፤ እኔ ጠጋ ብዬ «አንዱ 2 ዶላር ከሆነ ለሦስቱ ስንት ልትከፍዪ ነው?» እላታለሁ፣ በጣቷ መቁጠር ትጀምራለች። በዚህ መሀል ሌላ ልጅ ተራ ሳይጠብቅ ይገባና ጠብ ይነሳል። ወዲያው አልገላግላቸውም። «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ስላቸው አንዷ ወረቀት አንስታ የተራ ዝርዝር ልታወጣ ትነሳለች፣ ያኔ ሁሉም ስሙን ለመጻፍ ይሻማል፤ ጻፍ ተብሎ ሲለመን እርሳስ የማይነካው ልጅ ሳይቀር። ሂሳብ፣ ጽሕፈት፣ ቋንቋ፣ ራስን መግዛት፣ ሁሉም እዚያች ሱቅ ውስጥ ነበር። ቤት ሲመጣ ግን «ዛሬ ምን ተማርክ?» ስትዪው «ተጫወትኩ» ነው የሚልሽ።

ደግሞ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም እኮ። እቃ እቃ ተጫውተን ነው ያደግነው። ቅልልቦሽን አስቢው፤ አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውረሽ ተመልሳ እጅሽ ላይ እስክታርፍ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት እያልሽ ትለቅሚያለሽ። አራት ጠጠርን በሁለት ሁለት መልቀም ማካፈል ነው። እጅና ዓይን ማቀናጀቱ አለ፣ ተራ መጠበቁ አለ፣ ተሸንፎ ሳያኮርፉ መቀጠሉም አለ። ማንም ግን ትምህርት ነው ብሎን አያውቅም።

ስጋትሽ መሠረት የለውም እያልኩ ግን አይደለም። ማንበብ በጨዋታ ብቻ አይመጣም። የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በ2022 ስለ ማንበብ መብት ባወጣው ሪፖርት ፊደልና ድምፅ በግልጽና በቅደም ተከተል ሊሰጥ ይገባል ብሎ ጠንከር አድርጎ ተናግሯል። በ2024 መጀመሪያ ላይም መንግሥት የኪንደርጋርተኑን ሥርዓተ ትምህርት በዚሁ አቅጣጫ እንደሚከልስ አስታወቀ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጥሩ ክፍል ሁለቱም ያሉበት ነው፤ ምንጣፍ ላይ ተሰብስበው የፊደል ድምፅ የሚለማመዱበት ሰዓት አለ፣ ሰፊ የጨዋታ ሰዓትም አለ። የልጅሽ ክፍል የመጀመሪያው ከጎደለው መጠየቅ መብትሽ ነው።

ስትጠይቂ ደግሞ «ልጄ ጎበዝ ነው?» አትበያቸው። ለዚህ ሁሉም መምህር «አዎ፣ ደስ የሚል ልጅ ነው» ነው የሚልሽ። «የትኞቹን የፊደል ድምፆች ያውቃል? ሲጫወት ምን አስተዋላችሁ? ከነማን ጋር ይጫወታል?» በያቸው። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አታፍሪ። ትምህርት ቤቱ ስለ ልጅሽ የሚልክልሽ ሪፖርት ማርክ የለውም፣ በጽሑፍ ነው፤ የመጀመሪያው ከገና በፊት ይመጣል፣ ሌሎቹ በፌብሯሪና በጁን። ብዙ ወላጅ ቁጥር ስለሌለበት ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሙሉ ዓመት ስናይ የከረምነውን ነው እኮ እዚያ ላይ የምንጽፈው!

ልጅሽ ክፍል ውስጥ ዝም ይላል ብለሻል። ቤት አማርኛ ብቻ ሲሰማ ያደገ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። እንግሊዝኛውን ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ይለቅመዋል፣ ለዚያም ነው ጨዋታው እንደኛ ላሉ ልጆች ይበልጥ የሚያስፈልገው። አንቺ ቤት ውስጥ አማርኛውን አትተዪ። ተረት ንገሪው፣ ምስር ስትለቅሚ አጠገብሽ ተቀምጦ ይልቀም፣ ይቁጠር፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይጨቅጭቅሽ። በአንዱ ቋንቋ ብዙ ቃል ያለው ልጅ ሁለተኛውን ሲይዝ ይቀለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በክረምት ውጭ ይጫወታሉ፤ ይበርደዋል ብለሽ አታስቀሪው። የበረዶ ሱሪውንና ጓንቱን ራሱ መልበስ ቤት ውስጥ አለማምጂው፣ ትልቅ ነገር ነው።

የግሉን ከመክፈልሽ በፊት ሄደሽ ክፍሉን በዓይንሽ እዪው። ሪፖርቱ ሲመጣ ያልገባሽ ነገር ካለ የልጁንና የትምህርት ቤቱን ስም ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናነበዋለን።