መጋዘኖቻችን በከተማው ዳርና በየክልሉ ተበትነዋል፤ የትኛውን የትኛው የመብራት ማዕከል ይይዘዋል?

ጠያቂ፦ ዓለም ገና መጋዘን

ሰላም ወገኖች። የድርጅታችን መጋዘኖች የመብራት ጉዳይ የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ እያዘጋጀሁ ነው። ዓለም ገና ሁለት፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን አንድ አንድ አለን፤ ከዚያ ውጭ ደብረ ብርሃን፣ ቡታጅራና ሐዋሳ አሉ። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከላትን «አዲስ አበባ፣ ኦሮሚያ፣ አማራ፣ ደቡብ» ብዬ በክልል መክፈል ጀመርኩ። ከተማው ዳር ላይ ስደርስ ግን ተምታታብኝ። ከዓለም ገናዎቹ ለአንዱ በስልክ ካርታ ላይ ቅርብ ሆኖ የሚታየው ማዕከል በአዲስ አበባ በኩል ነው። በርቀት ልሂድ፣ በይዞታ ካርታው ወይስ በመስመሩ? የሱሉልታው ደግሞ ገና ቆጣሪ አልገባለትም፤ የራሱ ባለ 200 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ከመግዛታችን በፊት ምን እናጣራ?

መልስ 1፦ የመስመር ሰው

በርቀትስ አይሂዱ። ቆጣሪ ያለው መጋዘን ውሉን የፈረመው ማዕከል ደንበኛ ነው፤ በመንገድ ማዶ ሌላ ማዕከል ቢኖርም አይመለከተውም። ውሉ ከጠፋ የቅርቡን ቢል ይያዙና በ905 ደውለው የደንበኛ ቁጥሩ የት እንደተመዘገበ ይጠይቁ። የማዕከሉን ስም ሳያሳጥሩ ሙሉውን ይጻፉት። አዲስ አበባ ራሷ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ስለተከፈለች «ደቡብ» ብቻ ያለ ሰንጠረዥ ከወራት በኋላ ማንም አይገባውም። የሐዋሳው ነው ወይስ የከተማው ደቡብ?

በስልክ ካርታ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች «መብራት ኃይል» በሚል ስም ይታያሉ፦ ሰብስቴሽን (ከፍተኛው ቮልቴጅ ዝቅ የሚደረግበት ጣቢያ)፣ አገልግሎት መስጫ ማዕከልና ቢል የሚከፈልበት ቦታ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ማመንጫዎቹ፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮቹና ሰብስቴሽኖቹ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ተሰጡ፤ ስርጭቱና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። ስለዚህ ሰብስቴሽን በር ላይ ሄደው የቆጣሪ ማመልከቻ አያስገቡም። በባንክ ወይም በቴሌብር የተከፈለበት ደረሰኝም ማዕከሉን አያሳይም፤ ከየትም ሆኖ ይከፈላልና።

ግን ሰብስቴሽኑን ጨርሶ አይተዉት። መስመር የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። ከአንድ ሰብስቴሽን የወጣ ፊደር (ሰፈሮችን የሚመግብ የስርጭት መስመር) ወሰኑን ተሻግሮ በሁለቱም በኩል ያሉ ሰፈሮችን ሊመግብ ይችላል። ኃይል ሲቋረጥ አብረው የሚጠፉት በአንድ ፊደር ላይ ያሉ ናቸው እንጂ በአንድ ወረዳ ያሉ አይደሉም። ሁለቱ የዓለም ገና መጋዘኖች ለየብቻ የሚጠፉ ከሆነ በሰንጠረዡ ላይ ለየብቻ ረድፍ ይስጧቸው። ለዚህ ሁለት ዓምድ ይጨምሩ፦ ትራንስፎርመሩ ላይ ወይም ምሰሶው ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ እና የፊደሩ ስም። ብልሽት ሲያመለክቱ «ዓለም ገና፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ» ከማለት ይልቅ የትራንስፎርመሩን ቁጥር መንገር የጥገና ቡድኑን ከመንከራተት ያድነዋል።

መልስ 2፦ ሰነድ አደራጅ

ከላይ ያለው ቆጣሪ ላላቸው ልክ ነው። ለሱሉልታው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው የይዞታ ካርታው ነው። ካርታውን የሰጠው አስተዳደር በየትኛው በኩል እንደሆነ ሳይታወቅ ማመልከቻ ቢያስገቡ ሰነዱ ይመለሳል፤ የሚያሳዝነውም በዚህ የሚባክነው ጊዜ ነው።

የከተማው ዳር ሰነዶች ላይ ሁለት ለውጦችን ልብ ይበሉ። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ የወሰን ስምምነት በነሐሴ 2014 ይፋ ሆነ። ከዚያ በ2015 በኦሮሚያ ሸገር ከተማ ሲመሠረት ቡራዩ፣ ሰበታ (ዓለም ገናን ጨምሮ)፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። ስለዚህ በከተማው ዳር ያሉት ስድስቱም መጋዘኖች፣ ይዞታቸው በእነዚያ ከተሞች ከሆነ፣ በሸገር ሥር ናቸው ማለት ነው። ከ2015 በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ላይ ያለው የከተማ አስተዳደር ስምና ማኅተም ከዛሬው ክፍለ ከተማ ጋር አይገጥምም። ካርታው አሮጌ ከሆነ ክፍለ ከተማውና ወረዳው ዛሬ ማን እንደሚባል የሚገልጽ ደብዳቤ ከአስተዳደሩ አስቀድመው ያውጡ። ከዚያ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ለሚሄደው ሰው ውክልና፣ የማሽኖቹ ዝርዝር ከነኪሎዋታቸው።

የክልል ዓምዱም መታረም አለበት። ሐዋሳ ከ2012 ጀምሮ ሲዳማ ክልል ናት። ቡታጅራ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ናት። «ደቡብ» ብለው የጻፉት ክልል የለም፤ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ያሉበት ደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ክልል ነው። ደብረ ብርሃን አማራ፣ እሱ ግልጽ ነው። ታሪፉ በአገሪቱ ሁሉ አንድ ስለሆነ ክልል መቀየሩ ዋጋ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ የሚለወጠው ጉዳዩን የሚያይልዎት ቢሮ ነው።

መልስ 3፦ ትራንስፎርመር ጥገና

ስለ 200 ኬቪኤው። ትራንስፎርመሩን ከመግዛትዎ በፊት በአጠገብዎ የሚያልፈው የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር 15 ኪሎ ቮልት ነው ወይስ 33 የሚለውን ከማዕከሉ በጽሑፍ ይቀበሉ። ከተማው ውስጥ በብዛት 15 ነው፤ ወደ ገጠሩ ሲወጣ 33 ይመጣል፤ ሱሉልታ አካባቢ በግምት የሚገዛበት ቦታ አይደለም። የምሰሶውን ሲኒ (ሽቦው የሚታሰርበትን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስኒ) ቆጥሮ መገመትም አያስተማምንም። የጎረቤት ትራንስፎርመር ሰሌዳ ላይ ያለውን ከመሬት ሆነው በስልክ አቅርበው ያንብቡ፤ ማንም እንዳይወጣ።

ከተሳሳተ ምን ይሆናል? የ33ቱን በ15 መስመር ላይ ቢሰቅሉት 400 ቮልት ሊሰጥ የሚገባው 182 ገደማ ይሰጣል፤ በአንድ ፌዝ 105 ማለት ነው፤ ሞተር አይነሳም። ታፑ (የትራንስፎርመሩ የቮልቴጅ ማስተካከያ) ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ስለሆነ አያድነውም። የ15ቱን በ33 ላይ መስቀል ደግሞ ትራንስፎርመሩን ማቃጠል ነው። ፊውዙም ይለያያል፦ 200 ኬቪኤ በ15 ኪሎ ቮልት 7.7 አምፔር፣ በ33 ደግሞ 3.5 አምፔር ይስባል። በ400 ቮልት በኩል 289 አምፔር ይወጣል፤ ዋናው ብሬከርና ኬብሉ በዚያ ይታሰባል። ፓወር ፋክተሩ (ከኬቪኤው ወደ ኪሎዋት የሚለወጠው ድርሻ) 0.85 ከሆነ የምታገኙት 170 ኪሎዋት ነው፤ የማሽኖቹ ዝርዝር ከዚያ ካለፈ ባለ 315ቱን አሁኑኑ ያስቡ።

አንዳንድ ሰው ወደ ቢሮ ላለመመላለስ ብሎ ከማዶ ካለ ቆጣሪ ሽቦ ይስባል። አታድርጉት። ሕገወጥነቱ እንዳለ ሆኖ በ16 ካሬ ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ሽቦ 200 ሜትር ወስደው 32 አምፔር ቢጭኑበት መንገድ ላይ 24 ቮልት ያህል ይቀራል፤ 230 የነበረው 206 ሆኖ ይደርሳል። ማቀዝቀዣ ካለ ኮምፕረሰሩ በዚህ ሊጎዳ ይችላል።

ዓለም ገና መጋዘን

በጣም አመሰግናለሁ። ዓምዶቹን አስተካከልኩ። አንድ የቀረኝ፦ የድሮ ቢሎችን ሳስገባ አንዳንዱ ከተማ ሁለት ጊዜ እየተመዘገበ ነው።

መልስ 2፦ ሰነድ አደራጅ

የስም ነው። ለምሳሌ ቢሾፍቱ በደብረ ዘይት፣ አዳማ በናዝሬት፣ ባቱ በዝዋይ ይገባል፤ ለገጣፎን «ለጋጣፎ»፣ ገላንን «ጋላን» የሚጽፍ አለ። መለያውን የከተማ ስም አያድርጉት። የደንበኛ ቁጥሩንና የቆጣሪ ቁጥሩን መለያ አድርገው፣ ስሞቹን በአንድ ዓምድ አስገብተው፣ የመጋዘኑን መገኛ ነጥብ ከስልክ ካርታው በቁጥር ይለጥፉበት። ቆጣሪ ሲቀየር የደንበኛ ቁጥሩ ባይለወጥ እንኳ የቆጣሪ ቁጥሩ ስለሚለወጥ፣ አሮጌውን ሳይሰርዙ ከነተቀየረበት ቀን አጠገቡ ይጻፉ።