አሮጌ የጀልባ ናፍጣ ሞተር ላይ አዲቲቭ ልጨምር ወይስ ይቅር?

ዘጌ መስመር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጣና ሐይቅ ላይ የምትሠራ ጀልባ አለችኝ፤ የብረት ናት፣ 9 ሜትር። ሞተሩ ፐርኪንስ 4.108፣ ናፍጣውን ወደ ኖዝሎቹ (ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት) የሚገፋው ፖምፓ ካቭ ዲፒኤ። ታንኩም ብረት ነው፣ 150 ሊትር ይይዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግማሽ ናፍጣ እንደያዘ ቆሟል። አሁን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሲኬድ ለ30 ደቂቃ ያህል ደህና ይሠራና ዙሩ ይወርዳል፣ ጋዝ ቢሰጡትም አያነሳም። አጥፍተው 10 ደቂቃ ቆይተው ሲያስነሱት ደግሞ ምንም ያልነበረበት ይመስላል። የፊልትሮው ብርጭቆ ውስጥ ጥቁር፣ እንደ ተልባ ውሃ የሚያዳልጥ ነገር አለ። ሰው ሲሞላ ጥቁር ጭስ ያወጣል።
ገበያ ላይ ያለው አዲቲቭ (ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ) ሦስት ዓይነት ነው፦ ኖዝል ማጽጃ፣ ሴቴን ማሳደጊያ (ናፍጣው ቶሎ እንዲቀጣጠል የሚያደርግ)፣ «ውሃ የሚያጠፋ» የሚባል። የሁለት ምት ዘይት ቀላቅል የሚሉም አሉ። የቱ ይሻላል? መጠኑስ?

ፖምፓና ኖዝል፦
ወንድሜ፣ ሦስቱንም ጠርሙስ ለጊዜው አትክፈት። ችግሩን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ያ የሚያዳልጠው ነገር ሕይወት ያለው ነው። ውሃ ታንኩ ሥር ሲተኛ፣ ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ። ሞተሩ ሲስብ ዝቃጩ የመሳቢያውን ቱቦ አፍ ይሸፍነዋል፣ ሞተሩም ናፍጣ ያጣል። ስታጠፋው መሳቡ ስለሚቆም ዝቃጩ ይወድቃል። 10 ደቂቃ ቆይቶ «የሚድነው» ለዚህ ነው። ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ካለ ደግሞ ይብሳል፤ አውጣው፣ የማጣራቱ ሥራ የፊልትሮው ነው።

መጀመሪያ ታንኩን ማጽዳት ነው። ጀልባዋ ሌሊቱን ሳትነቃነቅ ታስራ ትደር። ጠዋት ማንም ሳይወጣባት፣ ታንኩ ሥር ቡሎን ካለው እሱን ፍታ፤ ከሌለው ቀጭን የመዳብ ቱቦ የእጅ ፓምፕ ላይ ሰክተህ እስከ ዝቅተኛው ጥግ አስገባ። የሚወጣውን በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀበል። ቀድሞ ውሃው፣ ከዚያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ደፍራሽ ናፍጣ ይመጣል። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ስትይዘው ከጀርባው ያለ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ አታቁም። የታንኩን መክፈቻ ከፍተህ ግድግዳውን ጥጥ በማይረግፍ ጨርቅ ጥረገው። የመሳቢያ ቱቦው አፍ ከወለሉ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቆም አለበት።

ከዚያ ቁጥር 296 የሚባለውን የናፍጣ ፊልትሮ ከነጎማ ቀለበቶቹ ቀይር። አሮጌውን ቀለበት መልሰህ ከገጠምከው አየር ይስባል፣ ያኔ ሌላ በሽታ ፍለጋ ትገባለህ። አየሩን ስታወጣ ከፊልትሮው ራስ ጀምር፤ ቀጥሎ ፖምፓው ጎን ላይ ያለውን፣ ቀጥሎ ጋቨርነሩ (የዙር መቆጣጠሪያው) ላይ ያለውን ማስተንፈሻ ክፈት፤ መጨረሻ ላይ የኖዝል ቱቦዎቹን ዳዶ አላልተህ ሞተሩን በስታርተር አዙር። ያኔ እጅህን ከቱቦዎቹ ጫፍ አርቅ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ናፍጣ ከታንኩ የሚስበው የማንሻ ፓምፕ የእጅ ማንሻው ባዶ ባዶውን የሚል ከሆነ ፓምፑ አልተበላሸም፣ ካሙ (ፓምፑን የሚገፋው የሞተሩ ዘንግ እብጠት) አንስቶት ነው፤ ሞተሩን አንድ ዙር አዙረህ ድገመው።

ባዮሳይድ፣ ማለትም ባክቴሪያውንና ፈንገሱን የሚገድለው መድኃኒት፣ የሚገባው ታንኩ ከጸዳ በኋላ ነው። ቀድመህ ከጨመርከው የሞተው ክምር በሙሉ ወደ ፊልትሮው ይሄዳል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፤ 1 ለ 1000 የሚል ከሆነ ለ150 ሊትር 150 ሚሊ ሊትር፣ በሲሪንጅ ተለክቶ። ባዮሳይድ መርዝ ነው፣ ጓንት አድርግ። ግማሹን ናፍጣ ቀድተህ፣ መድኃኒቱን ጨምረህ፣ ቀሪውን ከላይ ብትሞላበት በደንብ ይዋሃዳል።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ። «ውሃ የሚያጠፋ» የሚባለው አልኮል ካለበት ውሃውን አያጠፋውም፤ ከናፍጣው ጋር አዋህዶ በፊልትሮው ያሳልፈዋል። ያ ውሃ ፖምፓው ውስጥ ገብቶ የሚፈጋፈገውን ብረት ያዝገዋል፣ ኖዝሉ ጫፍ ላይ ደግሞ በአንዴ ተንኖ ጫፉን ሊሰብረው ይችላል። አልኮሉ ያረጀ ጎማም ያደርቃል። የማንሻ ፓምፑ ዲያፍራም (የውስጡ ስስ ጎማ) ከተሰነጠቀ ናፍጣው ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳልና የዘይት መለኪያው ከፍ ብሎ ካገኘኸው ሞተሩን አታስነሳ። ውሃን ከናፍጣ ለይቶ ወደ ብርጭቆው የሚያወርድ ዓይነትም አለ፤ የግድ መግዛት ካለብህ እሱ ይሁን። ሴቴን ማሳደጊያ ጠዋት የሚያንኳኳና ነጭ ጭስ የሚያወጣ ሞተርን ይረዳ ይሆናል፣ ለጥቁር ጭስ ግን አይሠራም። ኖዝል ማጽጃው ጫፉ ላይ የተጋገረ ካርቦን ቀስ በቀስ ያነሳል፤ መርፌው የተበላ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ግን በጠርሙስ አይድንም፣ ወርዶ በግፊት ይፈተሽ። ቆሻሻ ታንክ ላይ ከጨመርከው የዓመታት ዝቃጭ አላቆ ይልክብሃልና ያለ ሁለት መለዋወጫ ፊልትሮ አትሞክረው።

ደቅ ደሴት፦
ስለ ጭሱ ልጨምር። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ አየር የለም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር ለባሕር ጠለል የተቆረጠለትን ናፍጣ እዚህ ሲያገኝ ሙሉ ጭነት ላይ ያጨሳል።

ሙሉ ጋዝ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ዙሩን ለካ። ማንዋሉ ከሚለው በ200 ወይም በ300 ካነሰ ኤሊካው (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው) ከብዶታል። ግን ኤሊካ ለማስቀየር ከመሮጥህ በፊት አጎንብሰህ እየው፤ እምቦጭ ተጠምጥሞበት ሊሆን ይችላል። ሥሩ ዘንጉ ላይ እንደ ገመድ ይጠመጠማል፣ ጀልባዋ ስትቆም ከላይ ምንም አይታይም። ማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባበትን ወንፊትም ስለሚዘጋ የሙቀቱን መለኪያ አብረህ ተመልከት። ኤሊካው ንጹሕ፣ የአየር ፊልትሮውም ንጹሕ ሆኖ ካጨሰ፣ ፖምፓ ቤት ከፍተኛውን የናፍጣ መጠን ትንሽ ይቀንስልህ።

ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ስለ አዲቲቭ ከሚጻፈው ብዙው ባለ ሸራ ጀልባ ላላቸው የውጭ ሰዎች ነው። የእነሱ ሞተር ወደብ ለመግባትና ለመውጣት ያህል ብቻ ይሠራል፣ ክረምቱን በውርጭ ውስጥ ቆሞ ያሳልፋል። ናፍጣ እንዳይረጋ ብለው የሚጨምሩት ፈሳሽ ለባሕር ዳር ሌሊት የሚባክን ገንዘብ ነው። ከእነሱ የሚያገናኘን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለወራት የቆመ ታንክ ውስጥ የሚያድር ውሃ።

ጎርጎራ 2፦
የሁለት ምት ዘይቱን ማንም አልመለሰም፤ እኔ ቢቀላቀል ባይ ነኝ። ዲፒኤ ፖምፓ ውስጥ የሚዞረው ሁሉ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፣ የሞተር ዘይት አይደርሰውም። ናፍጣው ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ፖምፓው ደርቆ ይበላል። በ100 ሊትር ግማሽ ሊትር ንጹሕ የሁለት ምት ዘይት ቢገባ ምን ይጎዳል?

ፖምፓና ኖዝል፦
ስለ ፖምፓው ልክ ነህ፣ መስመር (ኢንላይን) የሚባለው የፖምፓ ዓይነት ቢሆን ግን ከታች ያለው ካም በዘይት ስለሚሠራ ጉዳቱ ይቀንሳል። 1 ለ 200 ንጹሕ ዘይት አይገድልም። ዓመድ የማይተወው፣ ለጀልባ ሞተር ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኖዝሉ ጫፍና የፒስተኑ ፋሻ ላይ ካርቦን ይጋገራል። ለማለስለስ ተብሎ የተሠራው አዲቲቭ በጥቂት መጠን የተሻለ ይሠራል። የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ አጣርቶ መጨመር ግን በፍጹም አይሆንም፤ ጨርቅ የማይዘው የብረት ብናኝ አለበት፣ ፖምፓውን የሚፍቀው እሱ ነው። ነጭ ጋዝ ከጠረጠርክ መፍትሔው ማደያ መቀየር ነው።

ዘጌ መስመር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከታንኩ 6 ሊትር ውሃና ዝቃጭ ወጥቷል፣ የዙሩ መውረድ ቆሟል። ኤሊካው ላይም እምቦጭ ነበር። አንድ ነገር ቀረ፦ ጠዋት ወዲያው ይነሳል፣ ዘጌ ደርሶ 15 ደቂቃ ከቆመ በኋላ ግን በጋለበት አልነሳ ይላል። ለዚህ አዲቲቭ አለው?

ፖምፓና ኖዝል፦
የለውም። ፖምፓው ውስጥ ያለው ክፍተት በመበላት ሰፍቷል፤ ናፍጣው ሲግል ይቀጥናል፣ በስታርተር ዙር ብቻ ኖዝል የሚከፍት ግፊት አይወጣም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጠቅልለህ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቅና አስነሳው። ከተነሳ ፖምፓው ወርዶ መታደስ አለበት። ሞተሩ እየዞረ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋበት፣ የውጩ ብረት ተኮማትሮ የውስጡን ሊይዘው ይችላል። ወፍራም ዘይት ቀላቅለህ ለጥቂት ሳምንት ልታታልለው ትችላለህ፣ ግን ከዘጌ ሰው ጭነህ እየተመለስክ ማዕበል መሀል ቢጠፋብህ መልሶ እንደማይነሳ እያወቅህ ነው።

ለሚመጣው ሰኔ ደግሞ ታንኩን እስከ አፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሙላው፣ እርጥበት የሚያዝል ባዶ ግድግዳ አይኑረው። የመሙያውን ክዳን ጎማ ቀይር፣ የመተንፈሻው ቱቦ አፍ ወደ ታች ይታጠፍ። ባዮሳይዱን ያኔ ድገምና ሞተሩን 15 ደቂቃ አሠራው፣ መድኃኒቱ ቱቦዎቹና ፊልትሮው ውስጥም ይድረስ።

ደቅ ደሴት፦
ያ 6 ሊትር የት ተደፋ? ሐይቁ ውስጥ ከሆነ ሰው የሚጠጣውና ዓሣ የሚረባበት ውሃ ነው፣ ባዮሳይድ ያለበት ደግሞ ይብሳል። ጀሪካን ውስጥ ክዳኑን ዘግተህ ሳምንት አስቀምጠው፤ ከላይ የሚጠራው ናፍጣ ለሞተር ዕቃ ማጠቢያ ይሆናል፣ የታችኛው የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።