የፓወር ባንኬን ስቲከር ሥዕሉ ሳይበላሽ እንዴት ላንሳው?

ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝ ፓወር ባንክ አለኝ። ዙሪያውን በስቲከር የተጠቀለለ ነው። ሥዕሉ ፒ-40 ተዋጊ አውሮፕላን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1941 እና 42 «ፍላይንግ ታይገርስ» የተባሉት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች በበርማና በቻይና ሰማይ ያበረሯት። አፍንጫዋ ላይ ያ የሻርክ አፍ አለ፦ ቀይ ምላስ፣ የተገጠገጠ ነጭ ጥርስ። ያምራል፣ ምን ይደረግ!

ችግሩ ስቲከሩ ጀርባው ላይ ያለውን፣ የባትሪውን አቅም የሚናገረውን ጽሑፍ ሸፍኖታል። ፓወር ባንክ አውሮፕላን ውስጥ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። አቅሙ ከ100 ዋት-አወር (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው) ከበለጠ ደግሞ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። የኔው ካርቶን 20,000 ሚሊአምፒር-አወር፣ 3.7 ቮልት ይላል። ሲሰላ 74 ዋት-አወር ነው፣ ያልፋል። ባለፈው ግን ፈታሿ ካርቶኑን አልተቀበለችም። ዕቃው ላይ የተጻፈውን አሳየኝ አለች። ብታገላብጠው ከሻርኩ ጥርስ በቀር ምንም የለም። ለሸኚዬ ሰጥቼው ገባሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ዱባይ መሄዴ ነው። ጠርዙን በአልኮል ጥጥ ሞከርኩት፤ ቀይ ቀለሙ ጥጡ ላይ ቀረ። በጥፍሬ ሳነሳው ሙጫው እንደ ማስቲካ ይሳባል፣ ስቲከሩም መሰንጠቅ ይጀምራል። በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ያሉኝ አሉ። ሊቲየም ባትሪ ላይ ሙቀት መልቀቅ ግን አልደፍርም። ምላጭም እንደዚያው፣ ባትሪውን ቢወጋውስ?

ያለ ሙቀትና ያለ ስለት፣ ቁጥሩ እስኪታይ ድረስ ብቻ ስቲከሩን በምን ላላቅቀው?